ቬርኾቪና፦ ተራራ ያቆየው ወረዳ

ዩክሬን ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚያስበው ስንዴና ጦርነት ነው። እንዲህ ማሰቡም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ ለኢትዮጵያ የታሰበ 23 ሺህ ቶን ስንዴ ጭና ከጥቁር ባሕር ዳርቻ ተነስታ በዚያው ወር መጨረሻ ጅቡቲ ደርሳለች። ያ ስንዴ የበቀለው ዓይን እስኪደክም በተዘረጋው ሜዳማ ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ግን የስንዴ ማሳ የማይታይበትን ሌላኛውን የዩክሬን ጥግ ነው። ጥጉ ገደላማ ነው፤ ጥድ የለበሰና በረዶ የሚቆይበት ተራራ የሞላው ሲሆን ሕዝቡ በበግ፣ በከብት፣ በእንጨትና በእንግዳ የሚተዳደር ነው። ስሙ ቬርኾቪና ይባላል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቬርኾቪና በደቡብ ምዕራብ ዩክሬን፣ በኢቫኖ-ፍራንኪቭስክ ኦብላስት ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። ኦብላስት ማለት ከወረዳ በላይ ያለው አስተዳደር ሲሆን አገሪቱ 24 ኦብላስቶች አሏት። የቬርኾቪና ስፋት 1,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መሬት ላይ የሚኖረው ግን 30 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ነው። በወረዳው የባቡር ሐዲድ የለም። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ሰው በቮሮኽታ ከባቡር ወርዶ በመኪና የተራራ በር ያልፋል፤ ከምሥራቅ ከኮሲቭ የሚመጣውም ሌላ በር መሻገር አለበት።

የመሬቱን አቀማመጥ ለመረዳት ከተራሮቹ መጀመር ይሻላል። በምዕራብ በኩል የካርፓቲያን ተራሮች አካል የሆነው የቾርኖሆራ ሰንሰለት ቆሟል። በዩክሬን ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጡት ስድስት ጫፎች ሁሉም በዚህ ሰንሰለት ላይ ናቸው። ትልቁ፣ 2,061 ሜትር የሚረዝመው ሆቬርላ፣ ከወረዳው ወሰን ትንሽ ወጣ ይላል፤ ፒፕ ኢቫን የሚባለው ጫፍ ግን የወረዳው ድንበር ጠባቂ ነው። ወደ ደቡብ ሲሄዱ ሰው የማይበዛባቸው የቺቭቺን ተራሮች ይመጣሉ፤ ከእነሱ ጀርባ ሩማኒያ ናት። በምሥራቅ ነጭ ቼረሞሽ የተባለው ወንዝ ወረዳውን ከጎረቤቱ ከቼርኒቭትሲ ኦብላስት ይለየዋል። መሃሉን ሰንጥቆ የሚወርደው ጥቁር ቼረሞሽ ነው። ሁለቱ ወንዞች በኡስቴሪኪ መንደር አጠገብ ተገናኝተው አንድ ቼረሞሽ ይሆናሉ፤ ቼረሞሽ ወደ ፕሩት፣ ፕሩት ደግሞ ወደ ዳኑብ ይገባል።

ወረዳው በመሠረቱ የጥቁር ቼረሞሽ ሸለቆ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፤ መንደሮቹም እንደዚያው። በሜዳማው ዩክሬን ቤቶች በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ ተጠጋግተው ሲሠሩ፣ እዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የግጦሹንና የሣር ማጨጃውን መሬት ከብቦ ዳገቱ ላይ ለየብቻ ይሰፍራል። ስለዚህ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ የሆነች መንደር በእግር ሲዞሯት ሰዓታት ትፈጃለች። አንድ ሐኪም፣ አንድ ፖስተኛ ወይም አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስንት ሰው ሊያገለግል እንደሚችል የሚወስነው ይህ አሰፋፈር ነው። አስተዳደሩን የሚያስቸግረውም ከሁሉ በላይ ይኸው ይመስለኛል።

የቼረሞሽ ታሪክ ከመንግሥታት መፈራረቅ ጋር ተጣብቋል። ወንዙ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ዘመን ጋሊሲያን ከቡኮቪና የሚለይ የክፍለ ሀገር ወሰን ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፖላንድና የሩማኒያ የአገር ድንበር ሆነ። በ1939 ሶቪየቶች መጡ፤ ከ1941 እስከ 1944 ጀርመኖች ያዙት፤ ከዚያ እንደገና ሶቪየት፤ ከ1991 ጀምሮ ነፃዋ ዩክሬን። ከመንደሩ ፈቀቅ ሳይል አምስት ባንዲራ የተቀያየረበት ሽማግሌ በዚህ ሸለቆ ብርቅ አልነበረም። ዛሬም ወንዙ የሁለት ኦብላስቶች ወሰን ነው።

ወንዙ ግን ከወሰንነቱ ይልቅ በመንገድነቱ ይታወስ ነበር። መኪና የሚያስገባ መንገድ ባልነበረበት ዘመን ከላይኛው ጫካ የተቆረጠው ግንድ ወደ ሜዳው የሚወርደው በውኃ ነው። ወንዙ ጥልቀት ስለሌለው በራሱ ግንድ መሸከም አይችልም። ስለዚህ በላይኞቹ ገባር ወንዞች ላይ ከእንጨትና ከድንጋይ «ክላውዛ» የሚባሉ ግድቦች ይሠሩ ነበር። ውኃው ተጠራቅሞ ሐይቅ ሲሆን ከግድቡ በታች ግንዶቹ በረድፍ ተጠፍረው ይጠብቃሉ። የተጠፈረው ግንድ «ዳራባ» ይባላል፤ በርካታ ክፍሎች ተቀጣጥለው እንደ እባብ የሚታጠፉ ናቸው። የግድቡ በር ሲከፈት ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይነሳል፤ ዳራባውም በዚያ ማዕበል ላይ ይወርዳል። ከፊት ቆመው ረጅም መቅዘፊያ ይዘው የሚመሩት ሰዎች «ኬርማኒች» ይባላሉ። ማዕበሉን መቅደም የለባቸውም፤ ከቀደሙት ውኃ አጥተው ድንጋይ ላይ ይቀራሉ። ወደ ኋላ መቅረትም የለባቸውም። ጠመዝማዛው ላይ ክፍሎቹ ከተጋጩ ግንዱ ይበተንና ሰው ይበላል። ብዙዎች ሞተውበታል፤ ኬርማኒች መሆን ግን በመንደሩ ትልቅ ክብር ነበረው። ሥራው እስከ 1970ዎቹ ቆይቶ የጫካ መንገድና የጭነት መኪና ሲመጣ ቀረ። ክላውዛዎቹ ፈርሰው ቅሪታቸው በላይኛው ሸለቆ ይታያል። ዛሬ በዚያው ወንዝ ላይ የሚንሳፈፉት ጎብኚዎችን የያዙ የጎማ ጀልባዎች ናቸው።

የእነዚህ ተራሮች ሰዎች ሁትሱሎች ይባላሉ። ሁትሱሎች የራሳቸው የዩክሬንኛ ዘዬ፣ የራሳቸው አለባበስ፣ የእንጨት ቅርጽና የናስ ሥራ ያላቸው የዩክሬን ተራራማ ሕዝብ ናቸው። ኑሯቸው ለዘመናት የተመሠረተው «ፖሎኒና» በሚሉት ከደን ወሰን በላይ ባለው የበጋ ግጦሽ ላይ ነው። በግንቦት የመንደሩ በግና ከብት ተሰብስቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ መኸር ሲገባ ይመለሳል። በመካከሉ ያሉትን ወራት መንጋውን የሚጠብቁት እረኞች «ቫታህ» በሚባል አለቃ ሥር ይኖራሉ። ቫታህ ሲወጣ የሚጀምረው እሳት በማንደድ ነው፤ ያ እሳት እስኪወርዱ ድረስ እንዳይጠፋ ይጠበቃል። የሚታለበው ወተት የእያንዳንዱ ቤተሰብ በግ በሰጠው ልክ ተሰፍሮ በአይብ ይከፈላል። ቫታህ ማለት እንግዲህ እረኛ ብቻ አይደለም፤ የሰውን ሁሉ ንብረት በአደራ ይዞ ሒሳብ የሚያወራርድ ነው። ከአይቡ በጨው ታሽቶ የሚዘጋጀው «ብሪንዛ» ይባላል። የሁትሱል የበግ ብሪንዛ በ2019 በዩክሬን የመልክዓ ምድር መለያ ተሰጥቶታል፤ ማለትም በዚህ ስም መሸጥ የሚችለው በእነዚህ ተራሮች በባህላዊው መንገድ የተሠራው ብቻ ነው።

ከፖሎኒናው ጋር አብሮ የሚነሳው ትሬምቢታ ነው። ከጥድ ግንድ ተሰንጥቆ፣ ተቦርቡሮ፣ እንደገና ተገጥሞ በበርች ልጣጭ የሚጠቀለል፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር የሚያህል የእንጨት መለከት ነው። መብረቅ የመታው ዛፍ ለድምፁ ይመረጣል ይባላል። የመንጋውን መውጣትና መውረድ፣ የገናን ዜማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ሞት የሚነገረው በእሱ ነበር። ቤቶቹ በተራራ ተራርቀው ባሉበት አገር መርዶ ነጋሪው መለከት መሆኑ ለእኔ ከማንኛውም የቱሪስት ትርኢት በላይ የሚነካ ነገር ነው።

ከወረዳው መንደሮች ስሟ ከሁሉ የገነነው ክሪቮሪቭኒያ ናት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታላቁ ጸሐፊ ኢቫን ፍራንኮ በየበጋው ይመጣባት ነበር። የታሪክ ምሁሩና በኋላ የዩክሬን ሕዝባዊ ሪፐብሊክ መሪ የሆነው ሚኻይሎ ሁሩሼቭስኪ በዚያ የበጋ ቤት ነበረው። ሚኻይሎ ኮትሲዩቢንስኪ በ1910 መጥቶ ባየው ተደምሞ «የተረሱ አባቶች ጥላዎች» የተባለውን አጭር ልቦለድ ጻፈ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አርመናዊው የፊልም አዘጋጅ ሰርጌይ ፓራጃኖቭ ልቦለዱን ወደ ፊልም ሲለውጥ ካሜራውን ይዞ ወደዚሁ ሸለቆ መጣ፤ የመንደሩ ሰዎችም በራሳቸው ልብስና በራሳቸው ዘዬ ፊልሙ ውስጥ ገቡ። በሶቪየት ዘመን ዩክሬንኛን እንዲህ ያለ ኀፍረት ሲነገር መስማት ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ ፊልሙ ከዓለም ታላላቅ ሥራዎች ጋር ይጠቀሳል።

ፒፕ ኢቫን ጫፍ ላይ ደግሞ ፖላንድ በ1938 የመረቀችው የከዋክብትና የአየር ጠባይ መመልከቻ ሕንፃ አለ። አንድ ዓመት ብቻ ሠርቶ ጦርነቱ ደረሰና ባዶ ቀረ። ለአሥርተ ዓመታት ነፋስና በረዶ ሲገባበት ከኖረ በኋላ የዩክሬንና የፖላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው ማደስ ጀምረዋል፤ የተራራ አደጋ አዳኝ ሠራተኞችም በሕንፃው ተቀምጠዋል።

ወደ አስተዳደሩ እንምጣ። ወረዳ በዩክሬን የሶቪየት ዘመን ውጤት ነው። በሶቪየት ዩክሬን የዛሩ ዘመን አከፋፈል ተሽሮ ወረዳዎች የተቋቋሙት በ1923 ነው። ምዕራቡ ዩክሬን ወደ ሶቪየት ሲጠቃለል ሥርዓቱ በ1940 እዚህም ገባ፤ የዛሬዋ የወረዳው ከተማ ያኔ ዣብዬ ትባል ስለነበር ወረዳውም የዣብዬ ወረዳ ተባለ። ከተማዋ ቬርኾቪና የሚለውን የአሁኑን ስም ያገኘችው በ1962 ነው። በሶቪየት ጊዜ ወረዳ ማለት ሁሉም ነገር ነበር። የፓርቲው የወረዳ ኮሚቴ፣ የወረዳው ሆስፒታል፣ የወረዳው ጋዜጣ፣ የወረዳው የባህል ቤት፣ የወረዳው የሸማቾች ማኅበር፣ የወረዳው ወታደራዊ ምልመላ ጽሕፈት ቤት፤ አንድ ገበሬ ከልደት እስከ ሞት የሚያስፈልገው ወረቀት ሁሉ ከአንዲት ከተማ ይወጣ ነበር። መንደሩ ምክር ቤት ቢኖረውም ገንዘብም ሥልጣንም አልነበረውም።

ነፃነት ከመጣ በኋላም ይህ አወቃቀር ሃያ ዓመት ያህል ብዙም ሳይነካ ቆየ። በአገሪቱ ከ10 ሺህ በላይ የአካባቢ ምክር ቤቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ከመብራትና ከጸሐፊ ደመወዝ ያለፈ በጀት አልነበራቸውም፤ ገንዘቡ ከኪየቭ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ መንደር በችሮታ መልክ ይንጠባጠብ ነበር። በ2014 መንግሥት ይህን ለመለወጥ ዕቅድ አወጣ፤ በ2015 መንደሮች በፈቃዳቸው የሚዋሐዱበት ሕግ ጸደቀ። የሚዋሐዱት መንደሮች «ህሮማዳ» ይሆናሉ፤ የራሱ የተመረጠ መሪና ምክር ቤት ያለው የአካባቢ መንግሥት ማለት ነው። ለሚዋሐዱት የተሰጠው ማበረታቻ ትልቅ ነበር፤ በክልላቸው ከሚሰበሰበው የግል ገቢ ግብር 60 በመቶው በቀጥታ ለእነሱ ቀረ፤ በኋላ ድርሻው ወደ 64 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2020 ውህደቱ በመላ አገሪቱ ተጠናቆ 1,469 ህሮማዳዎች ተቋቋሙ።

ወረዳዎቹስ? ህሮማዳው ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን ከወሰደ 490 ወረዳ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ መጣ። ጁላይ 17 ቀን 2020 የዩክሬን ፓርላማ 490ዎቹን ወደ 136 አሳነሳቸው። መመሪያው አንድ ወረዳ እንደ ደንቡ 150 ሺህ ያህል ሕዝብ ሊኖረው ይገባል የሚል ነበር። የኢቫኖ-ፍራንኪቭስክ ኦብላስት 14 ወረዳዎች ስድስት ብቻ ሆኑ። በአገሪቱ በርካታ ስመ ጥር ወረዳዎች ከካርታ ጠፉ፤ ሆስፒታላቸውና ፍርድ ቤታቸው ባለበት ቢቆይም የወረዳ ከተማነት ክብራቸው ቀረ። በሕዝብ ብዛት ቢለካ ቬርኾቪና ቀድሞ መጥፋት የነበረበት ነው፤ የመመሪያው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ግን ተረፈ። ወሰኑም ሳይነካ ቀረ።

የተረፈው በርቀቱ ነው። ከላይኞቹ መንደሮች ወደ ቬርኾቪና ከተማ መውረድ ራሱ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት በረዶ ሲጥል ከዚያም ይብሳል። የወረዳ ማዕከሉ ከተራራው ማዶ ቢሆን ኖሮ አንዲት አሮጊት ለአንድ ፊርማ ሁለት ቀን ትከፍል ነበር። ውሳኔው ከመሰጠቱ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በጁን 2020 መጨረሻ፣ ከባድ ጎርፍ በኦብላስቱ ላይ ወርዶ በቬርኾቪና መንገዶችንና ድልድዮችን ጠርጎ ነበር። ሸለቆው ሲዘጋ ለሕዝቡ ሊደርስለት የሚችለው ውስጡ ያለ አስተዳደር ብቻ ነው። ቁጥር ብቻ ይዘው ወረዳ የሚሸነሽኑ ሰዎች ይህችን ነገር ቢያዩዋት እወዳለሁ። እዚህ ቁጥሩ ለመሬቱ እጅ ሰጥቷል፤ በእኔ እምነት ትክክል ነው።

ዛሬ ወረዳው ሦስት ህሮማዳዎች አሉት። ትልቁ በወረዳው ከተማ ዙሪያ ያለው የቬርኾቪና ህሮማዳ ነው። የዜሌኔ ህሮማዳ በጥቁር ቼረሞሽ ሽቅብ ወደ ሩማኒያ ድንበር ይዘልቃል፤ ብዙው ጫካና ግጦሽ ነው። የቢሎበሪዝካ ህሮማዳ በታችኛው ምሥራቅ፣ ሁለቱ ወንዞች ወደሚገናኙበት በኩል ያለው ነው። በእያንዳንዱ ህሮማዳ ውስጥ የቀድሞ የመንደር ምክር ቤቶች ባሉበት ቦታ «ስታሮስታ» የሚባል ሰው ተቀምጧል። ስታሮስታ ማለት ለራቁ መንደሮች የህሮማዳው እጅና ጆሮ ነው፤ ማመልከቻ ይቀበላል፣ የነዋሪነት ወረቀት ይሰጣል፣ የፈረሰ ድልድይ ካለ ለምክር ቤቱ ይናገራል። ከፍ ላለው ጉዳይ ነዋሪው ወደ ህሮማዳው የአገልግሎት ማዕከል ይሄዳል፤ መሬት ማስመዝገብ፣ የልጅ ድጎማ መጠየቅ፣ ንግድ ማስፈቀድ ሁሉም በአንድ መስኮት እንዲያልቅ የታሰበ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የመንደር መንገዱ የህሮማዳው ኃላፊነት ሆኗል።

ለወረዳው የቀረው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። የወረዳው መንግሥታዊ አስተዳደር ኃላፊ አይመረጥም፤ በሚኒስትሮች ካቢኔ አቅራቢነት ፕሬዚዳንቱ ይሾሙታል። የመንግሥት ዓይን በአካባቢው እሱ ነው፤ አደጋን መከላከል፣ መከላከያና ምልመላ፣ የማኅበራዊ ድጋፍ ክትትል፣ በህሮማዳዎቹ መካከል ማስተባበር። ጎን ለጎን በሕዝብ የተመረጠ የወረዳ ምክር ቤት አለ። ይህ ምክር ቤት ግን በሕገ መንግሥቱ መሠረት የራሱ አስፈጻሚ አካል የለውም፤ ያሳለፈውን ውሳኔ እንዲፈጽምለት ለተሾመው አስተዳደር ይሰጣል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ገንዘቡ ወደ ህሮማዳዎች ስለዞረ የወረዳ ምክር ቤቶች ኪስ ደርቋል። ሆስፒታሉን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ተራ በተራ ለህሮማዳዎች አስረክበዋል። ሰው የመረጣቸው ተወካዮች የሚወስኑበት ነገር ማጣታቸው ተሐድሶው ያልጨረሰው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ በ1995 የወጣው የተራራማ ሰፈሮች ሕግ። ከባሕር ወለል ከ400 ሜትር በላይ ያለ፣ የሚታረስ መሬቱ ጥቂት የሆነና የአየር ጠባዩ የከበደ ሰፈር ተራራማ ተብሎ ይመደባል። በዚያ ለሚሠራ መምህር ወይም ነርስ በደመወዙ ላይ 25 በመቶ፣ ለጡረተኛው ደግሞ በጡረታው ላይ 20 በመቶ ይጨመራል። ወጣት ሐኪም ወደ ዜሌኔ እንዲወጣ የሚያደርገው ጭማሪ ይህ ብቻ ነው ባይባልም፣ መንግሥት ዳገትን በገንዘብ መተመኑ ብልህነት ነው። በ2010 ደግሞ በወረዳው ደቡብ 12 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የቬርኾቪና ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሟል። ድብ፣ ተኩላና ሊንክስ የሚኖሩበት፣ ሰው እምብዛም ያልነካው ጫካ ነው።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሩሲያ ሙሉ ወረራ ስትጀምር በዚያው ዕለት በፕሬዚዳንቱ አዋጅ የኦብላስትና የወረዳ አስተዳደሮች ሁሉ ወታደራዊ አስተዳደር ሆኑ፤ ቬርኾቪናም እንዲሁ። ጦር ግንባሩ ሩቅ ቢሆንም ጦርነቱ በሁለት በኩል ደረሰ። ከምሥራቅ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ወደ ካርፓቲያን መንደሮች መጡ፤ ከመንደሮቹ ደግሞ ወንዶቹ ወደ ግንባር ሄዱ። በሁትሱል መንደሮች በሚፈጸመው የወታደር ቀብር ላይ ትሬምቢታ ይነፋል።

ተሐድሶው ሊጨረስ የሚችለው ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ነው፤ የወረዳ ምክር ቤት አስፈጻሚ ይኑረው ወይስ ይቅር፣ የተሾመው ኃላፊ ህሮማዳዎቹን እስከ ምን ድረስ ይቆጣጠር የሚለው ሁሉ በዚያ የሚወሰን ነው። የዩክሬን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 157 ግን በወታደራዊ አዋጅ ጊዜ ሕገ መንግሥቱ እንዳይነካ ይከለክላል። ስለዚህ አዋጁ እስኪነሳ ድረስ የቬርኾቪና ምክር ቤት እንደተመረጠ፣ ገንዘብና አስፈጻሚ ሳይኖረው ይቆያል፤ የመንደሮቹን መንገድና ትምህርት ቤት ሦስቱ ህሮማዳዎች ይዘው ይቀጥላሉ።